ለባዕድ የተጻፈ ልዩነት፦ የእንግሊዝኛ ተቀራራቢ ቃላት ሐተታ ታሪክ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ፍቺያቸው እጅግ የሚቀራረብ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ጆሮን የሚቆረቁሩ ቃላት ብዙ ናቸው። ለብዛታቸው ዋናው ምክንያት የአገሪቱ ታሪክ ነው፤ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ላቲን፣ የገበሬውና የባለእጁ ደግሞ እንግሊዝኛ ሆኖ ስለቆየ፣ አንድ ነገር ሁለትና ሦስት ስም ይዞ ወደ ኋለኛው ትውልድ ተሻገረ። በ1362 የወጣው ሕግ የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ባዘዘ ጊዜም ፈረንሳይኛው ቃል አልተባረረም፤ ከአገሬው ቃል ጎን ተሰልፎ ቀረ። በእነዚህ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በመጽሐፍ የማስፈር ሥራ ግን በአብዛኛው የተቀሰቀሰው በአገሬው ተናጋሪ ፍላጎት ሳይሆን በባዕድ ተማሪ ጥያቄ ነበር፤ በቋንቋው ያደገ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋልና አይጠይቅም።

ከቀደምቶቹ መካከል ጆን ዋሊስ ይጠቀሳል። ዋሊስ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር የነበረ፣ መጨረሻ የሌለውን ብዛት የሚያመለክተውን የሒሳብ ምልክት ያስተዋወቀ ሊቅ ሲሆን፣ በ1653 ያሳተመውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው የጻፈው የውጭ አገር ሰዎች እንዲረዱት በላቲን ነው። የወደፊትን ጊዜ የሚያመለክቱትን ሻል እና ዊል የተባሉ ረዳት ግሶች ሲለይ፣ ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር ሻል የሚሆነውን ብቻ እንደሚያስታውቅ፣ ዊል ግን ተስፋ መስጠትን ወይም መዛትን እንደሚያመለክት፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ደግሞ ነገሩ እንደሚገለበጥ ደነገገ። ለእንግዳ መምሪያ እንዲሆን የተጻፈው ይህ ድንጋጌ ከጊዜ በኋላ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የአገሬው ልጆች የሚቀጡበት ሕግ ሆነ።

እንስሳው በአገሬው ቃል ኦክስ (በሬ) ወይም ሺፕ (በግ) ሲባል ሥጋው ግን ከፈረንሳይኛ በመጡት ቢፍ እና መተን በተባሉት ስሞች መጠራቱን ያስተዋለውም ይኸው ዋሊስ ነው። ይህን ሐሳብ በሕዝብ ዘንድ ያሰራጨው በ1819 መጨረሻ የወጣው የዋልተር ስኮት ልብ ወለድ አይቫንሆ ሲሆን፣ እረኛው ሳክሰን፣ ማለትም የአገሬው ሰው፣ እንስሳውን እንደሚያረባ፣ ጌታው ኖርማን ሥጋውን እንደሚበላ የሚገልጸው ትረካ እስከ ዛሬ እንደ እርግጠኛ ታሪክ ይነገራል። ጽሑፎቹ ሲመረመሩ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 22፣ ለመሥዋዕት ከነሕይወታቸው የሚቀርቡት ከብቶች የተጠሩት ቢፍ በተባለው ቃል የብዙ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ከኖርማኖች ድል ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ በእንስሳውና በሥጋው ስም መካከል ያለው ድንበር ገና እንዳልጸና ያስረዳል። ድንበሩ የተሰመረው በወራሪው ማዕድ ላይ በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በብዙ ትውልድ አጠቃቀም ቀስ በቀስ ነው።

ተመሳሳይ ቃላትን ብቻ ለይቶ የመተንተን ሥራ በመጽሐፍ መልክ ወደ እንግሊዝ የገባው ከፈረንሳይ ነው። ካህኑ ገብርኤል ዢራር በ1718 ባሳተመው መጽሐፍ ፍጹም አንድ ፍቺ ያላቸው ሁለት ቃላት እንደሌሉ ተከራክሮ ነበር፤ እንግሊዛዊው ካህን ጆን ትረስለርም በ1766 ያንኑ አካሄድ፣ አብዛኛውንም ይዘት፣ ወደ ራሱ ቋንቋ አዛወረ።

ከዚያ በኋላ የመጣችው ሄስተር ፒዮዚ ግን ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባታል። በፊተኛው ትዳሯ የቢራ ጠማቂው የሄንሪ ትሬል ሚስት በነበረችበት ጊዜ፣ በ1755 የወጣው ታላቅ መዝገበ ቃላት ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በስትሬተም ቤቷ ለዓመታት እንደ ቤተሰብ የኖረ ሲሆን፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1784 ጣሊያናዊውን የሙዚቃ ሰው ገብርኤል ፒዮዚን ስታገባ ጆንሰን ክፉኛ ተቆጥቶ ተለያት። ስለ ተመሳሳይ ቃላት የጻፈችው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፏ በ1794 ለንደን ውስጥ ሲታተም፣ ዓላማው በዕለት ተዕለት ጭውውት የቃላትን ምርጫ ማስተካከል፣ በተለይም የውጭ አገር ሰዎችን መርዳት መሆኑን አስታወቀች፤ እንግሊዝኛን በጉልምስና ከተማረ ባል ጋር አሥር ዓመት መኖሯ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ቤተ መጻሕፍት የበለጠ እንዳዘጋጃት መገመት ይቻላል። መተውን የሚያመለክቱ ግሶች ለምሳሌ ይወሰዱ፦ አባንደን ፈጽሞ እርግፍ አድርጎ መተውን፣ ፎርሴክ ፍቅር ወይም ታማኝነት የሚገባውን ሰው መክዳትን፣ ዴዘርት ወታደር ምድቡን ጥሎ እንደሚኮበልል ግዴታን ጥሎ መሄድን ሲያሰሙ፣ ሊቭ ግን ያለ ነቀፋ ከቦታ መነሣትን ብቻ ሊገልጽ ይችላል። ፒዮዚ እንዲህ ያሉትን ቃላት በአንድ ምድብ ሰብስባ እያንዳንዱን በተስማሚ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ዳኛ አድርጋ የምትሾመውም የሳሎኑን አነጋገር ነው። የዘመኑ ተቺዎች አንዲት ሴት የቃላት ዳኛ ለመሆን መነሣቷን አፌዙበት፤ ሆኖም ቃል በሰዎች መካከል ሲነገር ምን እንደሚሠራ በማዳመጥ ረገድ የቀደሟትም ሆኑ የተከተሏት ወንዶች ብዙዎቹ አልደረሱባትም።

የተከተሏት በእርግጥ ሌላ መንገድ መረጡ። ዊልያም ቴይለር በ1813፣ ጆርጅ ክራብም በ1816 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ልዩነትን በሥርወ ቃል፣ ማለትም ቃሉ በመጣበት ጥንታዊ ምንጭ፣ ለማስረዳት ሞከሩ፤ ላቲኑ ይህን ስለሚል እንግሊዝኛውም ይህን ማለት አለበት የሚለው ይህ አካሄድ የምሁርነት ግርማ ቢኖረውም፣ ቃል ከምንጩ ርቆ መሄዱን ይዘነጋል። ገጣሚው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1817 ነገሩን በተሻለ አስተዋለ፤ ልዩነት ከጥንት የተቀበረ ሀብት ሳይሆን ኅብረተሰብ እያደገ ሲሄድ ራሱ የሚፈጥረው መሆኑን ሲያስረዳ፣ ዛሬ አንዱ ንብረትን ሌላው ጨዋነትን የሚያመለክቱት ፕሮፐርቲ እና ፕሮፕራይቲ እስከ እንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ድረስ በጽሑፍ እንዳልተለያዩ በምሳሌነት አቅርቧል። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 ያሳተመው ዝነኛ የቃላት ስብስብ ግን ቃላትን በአንድ ሺህ የሐሳብ ምድቦች ከመደርደር አልፎ ልዩነታቸውን ለመተንተን አልተነሣም፤ ምርጫውን ለአንባቢው ጆሮ ተወ፤ ይህም ጆሮው ላልሠለጠነ እንግዳ ብዙ አልጠቀመም።

የአንድ ሰው ምርጫ እንዴት ወደ ሕግነት እንደሚለወጥ ሌስ እና ፊወር የተባሉት ቃላት ከሁሉ ይበልጥ ያሳያሉ። ሁለቱም ማነስን የሚያመለክቱ ሲሆን፣ ሌስ ከንጉሥ አልፍሬድ ዘመን፣ ማለትም ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለሚቆጠርም ለማይቆጠርም ነገር ይነገር ነበር። ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ በ1770 ለሚቆጠር ነገር ፊወር የተሻለ እንደሚመስለው፣ ያውም እንደ ግል አስተያየቱ፣ ገለጸ። ተከታዮቹ የሰዋስው መጻሕፍት አስተያየቱን ይዘው ጥንቃቄውን ጣሉት፤ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነባቸው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር ወጣትም ዛሬ ይህን ልዩነት የሚማረው እንደማይናወጥ ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር በሕጉ ላይ የሚደረገው ክርክር አሁንም ስላልበረደ፣ ቴስኮ የተባለው የገበያ አዳራሽ ድርጅት ጥቂት ዕቃ ለያዙ ደንበኞች በተለየው መክፈያ ላይ ሰቅሎት የነበረውን፣ ሌስ የሚለው ቃል ያለበትን ማስታወቂያ በ2008 ለመለወጥ ሲወስን፣ ከሁለቱ ቃላት አንዱንም ሳይመርጥ «እስከ 10 ዕቃ» የሚል ትርጉም ያለው አዲስ ጽሑፍ ተካ።