ያልታሰረ መሰላል፦ ነፋስና የመውደቅ አደጋ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ግንባታዎች

ከግንባታ ላይ የወደቀ ሠራተኛ ጉዳይ ሲነሳ «ነፋስ ጣለው» ከተባለ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ይህ ማብራሪያ መፈተን ያለበት ይመስለኛል፤ ነፋስ መሰላል የሚጥለው አስቀድሞ ሳይታሰር ሲቀር ነውና። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ በአዲስ አበባ የሕንፃ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት 38 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በሥራ ላይ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። አኃዙ የልዩ ልዩ ጉዳቶች ድምር ቢሆንም ነገሩ የአጋጣሚ ጉዳይ እንዳልሆነ ይናገራል።

በጀሞ፣ በለቡና በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሳይቶች የሚታየው መሰላል ብዙ ጊዜ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ መረገጫ በሚስማር ተመትቶበት የተሠራ ነው። እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል፤ እግሩ በአሸዋ ላይ ያርፋል፤ ጫፉ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀራል። 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ይዞ የሚወጣን ሰው እናስብ። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቆርቆሮውን ፊት ለፊት ሲመታው የ10 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል። ፍጥነቱ 15 ሲደርስ ግፊቱ ከ22 ኪሎ ያልፋል፤ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነውና። (ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳስቷል፤ በቆላ ቢሆን ከዚህም ይብስ ነበር።) ግፊቱ ወደ ጎን ሲሆን መሰላሉን በጎን የሚይዘው ነገር የለም፤ የሰውዬውም ሁለት እጆች በቆርቆሮው ተይዘዋል።

ድንገተኛ ነፋስ ከአሠሪው አቅም በላይ ነው የሚሉ አሉ። የአንዲት ሽውታ ደቂቃ አይታወቅም፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚበረታ ግን ፎርማን ሁሉ ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ አሠሪውን ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ያደርጋል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሠራተኛው ራሱ ማሰሩን ይሰለቻል የሚለው ነው፤ አዋጁም ግልጽ የደህንነት መመሪያን ሆን ብሎ የጣሰ ሠራተኛ ጉዳቱን በራሱ ላይ እንዳመጣ ይቆጥረዋል። እንዲህ ለማለት ግን መመሪያው አስቀድሞ መሰጠት አለበት። መመሪያው ቢሰጥም እንኳ በካሬ የሚከፈለው ልስን ሠሪ ወይም ቀለም ቀቢ ነፋስ ሲነሳ ከወረደ የዕለቱ ገቢው አብሮ ይወርዳል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ከተጋረጠ ከባድ አደጋ የሸሸን ሠራተኛ ይጠብቃል፤ የቀን ሠራተኛው ቅጣት ግን ነገ አለመጠራት ነው፤ ይህ ደግሞ በደብዳቤ አይሰጥም። ለማሰሪያ የሚበቃው የፌሮ ሽቦ በየሳይቱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጎደለው በሥራ ውሉ ውስጥ ነፋስ ሥራ ላቆመበት ሰዓት የሚከፈል ሒሳብ ነው።