አሞሌና የውሻ ገል

የጨው ታሪክ ሲጻፍ ሲራራ ነጋዴው፣ ኬላውና ገበያው ይነሳሉ፤ ውሻ አይነሳም። ይሁንና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ከቦረና እስከ አማራ ሳይንት፣ ውሻ ከሰው ቤት የሚያገኘው ምግብ ምን ያህል ጨው እንደነበረው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጨው ራሱ ምን ያወጣ እንደነበር ነው። አሞሌ ጨው የሚቆረጠው ከባሕር ወለል በታች ባለው የአፋር ረባዳ፣ አርሆ በሚባለው የጨው ሜዳ ነው። በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብነት እንደሚያገለግልና ከማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ጽፏል። ቦረናና ሳይንት የወሎ ምዕራባዊ ጫፍ ናቸው፤ ከእነሱ ወዲያ ያለው የዓባይና የበሽሎ ገደል ነው። አሞሌው እዚያ እስኪደርስ ስንት ቀን ተጉዟል፣ ስንት ኬላ ቀረጥ ከፍሏል። ምኒልክ በስማቸው ብር ካስመቱበት ከ1894 (እ.ኤ.አ.) በኋላም ቢሆን አሞሌ ከገበያ ለመውጣት ጊዜ ወስዷል። በዚህ አገር ባልትና ውስጥ አሞሌ ሲሸረፍ የሚሸረፈው ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ገንዘቡን ለውሻ የሚሸርፍ ደግሞ አይኖርም።

የኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ የደጋው ውሻ የጨውና የውሃ ሚዛን ለዘመናት የተጠበቀው በማንም እውቀት ሳይሆን በጨው ውድነት ነው። ለማስረጃ ገሉን እንይ። ውሻ የሚበላበት ከተሰበረ ገንቦ የተረፈ ገል ነው፤ ገሉ ላይ የሚወድቀው ፍርፋሪ፣ የደረቀ የገብስ እንጀራ፣ አይብ ሲነጠር የሚቀረው አጓት ነው። የእንጀራ ሊጥ ጨው አይገባበትም፤ ጨው ያለው ወጡ ውስጥ ነው፤ ወጥ ደግሞ ሰው ጠርጎ የሚበላው እንጂ ለውሻ የሚተርፍ አልነበረም። አጓቱ አብዛኛው ውሃ ሆኖ በተፈጥሮው ጥቂት ሶዲየም አለበት። በአጓት የራሰ ፍርፋሪ እንግዲህ ማንም ሳያስብበት ሚዛኑን የጠበቀ ነገር ነበር፦ ውሃው ብዙ፣ ጨው ትንሽ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ያው ገበሬ ውድ ነው ያልኩትን አሞሌ ለበሬውና ለላሙ ያልስ የለም ወይ? ከብት ከወደደው፣ ከጠቀመውም፣ ውሻ ለምን ይነፈጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከመንጋጋቸው ይጀምራል። ከብት ሳር በል ነው፤ የደጋ ሳር ሶዲየሙ አነስተኛ ስለሆነ ጎደሎው ከውጭ መሞላት አለበት። ውሻ ሥጋ በል ነው። ደምና ሥጋ ጨዋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በዓል ሲሆን የሚወረወርለት አጥንትና ሞራ፣ በየአጥሩ ሥር የሚይዛት አይጥ፣ ሁሉም ሶዲየም አላቸው። ደግሞም ውሻ እንደ ሰውና እንደ በቅሎ ገላው በላብ አይርስም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ የሚያጣው በአብዛኛው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። ለዚህ የቅርብ ምስክር አለ። ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቀው የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። የውሻ ዘመድ ነው፤ ኑሮው በአይጥ ላይ ነው፤ አሞሌ ያላሰው ማንም የለም። ያለ ጨው ለዘመናት ኖሯል። 

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ መግፋትም ትክክል አይሆንም። አይጥ የማያገኝ፣ ሥጋ ጾም የረዘመበት፣ ባዶ እንጀራ ብቻ የሚቀርብለት ውሻ ሶዲየም ሊጎድለው ይችላል። በአሜሪካ የእንስሳት መኖ መስፈርት ለአዋቂ ውሻ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ከደረቅ ምግቡ 0.08 በመቶ ሶዲየም ነው። አንድ መካከለኛ ውሻ በቀን 250 ግራም ደረቅ ምግብ ይበላል ብንል፣ የሚያስፈልገው 0.2 ግራም ሶዲየም፣ በገበታ ጨው ቢሰላ ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በጣት ቆንጥሮ የሚያዝ ያህል ነች። አንድ አሞሌ ሰባት መቶ ግራም ቢመዝን፣ ለዚህ ውሻ ወደ አራት ዓመት ያህል ይበቃው ነበር። ባለቤቱ አሞሌውን ከውሻው ሲሸሽግ የነፈገው ነገር በዓመት ከሩብ አሞሌ ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ እሱንም አጥንቱና አጓቱ ይተኩለታል።

ሚዛኑ የተናጋው ጨው ሲረክስ ነው። የአሰብ ጨው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ሲቋረጥ የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ተተካ፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ጨው ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በየሱቁ በላስቲክ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ነበር። ዛሬ ወጥ ይተርፋል፤ የተረፈው ሽሮና ቀይ ወጥ ከነበርበሬው፣ ከነጨው፣ ከነሽንኩርቱ ውሻው ፊት ይደፋል። ሽንኩርቱ ለብቻው የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያጠፋ ነገር ነው። ጨው ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ውሻውን ያስመልሰዋል፣ ያንገዳግደዋል፣ ሲብስ ያንቀጠቅጠዋል። በገጠር እረኛን ተከትሎ ምንጭ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣው ውሻ የተረፈውን ጨው በሽንቱ አጥቦ ያወጣዋል፤ በከተማ ግን ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታው ዘበኛ ውሻ ጨዋማውን በልቶ የሚጠጣው ነገር ከፊቱ ላይኖር ይችላል።

ጨው ቢጨመርለት ብዙ ይጠጣ ነበር፣ ውሃ መጠጣቱም መልካም ነው የሚሉ አሉ። ስሌቱ ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጨው ያስጠጣው ውሃ ጨዉን ለማስወጣት የሚውል ስለሆነ ለሰውነቱ የሚተርፍ ትርፍ የለውም፤ ውሃ ካልተገኘ ደግሞ ጥማቱ ብቻ ይቀራል። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ከምግቡ ማግኘት ይችላል፤ ለዚህም የገብስ ፍርፋሪ በአጓት ወይም ጨው ባልገባበት የሥጋ መረቅ ማራስ ይበቃል። ጨው ውድ በነበረ ጊዜ ይህ ማንም ሳያስበው ይሆን ነበር። አሁን እንጀራውን ከወጡ ለይቶ ማንሳትና ከምግቡ ገል ጎን ሌላ ገል ውሃ ማስቀመጥ ሆን ብሎ የሚሠራ ሥራ ሆኗል።