የድካም መውጫ በጎንደር፦ ከመነኮሳት መጽሐፍ እስከ ዛር ቤት

በጎንደርና በሰሜን ደጋ ሥራ ያሰለቸው፣ ሐሳብ ያናወዘው ሰው ማረፊያው እንደ ማንነቱ ይለያይ ነበር። መነኩሴው መጽሐፍ ነበረው፤ ገበሬው የበዓል ቀን ነበረው። ሁለቱም እምብዛም ያልደረሷት ሴት ብዙ ጊዜ ወደ ዛር ቤት ታመራ ነበር።

ከሦስቱ በጽሑፍ የዳበረው የመነኩሴው ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ የሚደራባት ሆነች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን እንደ ገና አቃንተው የ«ታች ቤት»ን ስልት አስጀመሩ፤ የቀደመው «ላይ ቤት» ተባለ። ጉባኤው አራት ነው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። በአራተኛው ጉባኤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይተረጎማሉ። ሦስቱም መነሻቸው በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን በሱርስት የጻፉ የምሥራቅ መነኮሳት ድርሰት ነው፤ ወደ ግእዝ የገቡት በዐረብኛ በኩል ነው።

የእነዚህ መጻሕፍት ዋና ጉዳይ ሐሳብን መጠበቅ ነው። ትምህርቱ ከግብፅ በረሃ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ መነኩሴን የሚዋጉትን ሐሳቦች ስምንት ብሎ ሲቆጥር ከሁሉ ከባዱ ሀኬት እንደ ሆነ ጽፏል። ሀኬት ከቀኑ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት መነኩሴውን ይከብበዋል፤ የሰዓቱ አቆጣጠር ከንጋት የሚነሣ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምንም ማስተካከያ አያሻውም። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ በዓቱን ይጠላል፤ የእጅ ሥራው ያስጠላዋል፤ ወንድሞቹ ፍቅር የላቸውም ብሎ ያማርራል፤ ሌላ ቦታ ቢሄድ የሚሻለው ይመስለዋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚሰማው የሠራተኛ ብሶት ምን ያህል ይርቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚያመጣውን መዛል እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲያሰፍር፣ ከሥራ በሐሳብ መራቅንና በሥራ መመረርን ከምልክቶቹ ቈጥሯል።

መድኃኒቱ በአባ እንጦንስ ታሪክ ይነገራል። በበረሃ ሀኬት ያስጨነቀው እንጦንስ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲታታ ያያል፤ እንዲህ አድርግ ትድናለህ ይባላል። ሥራና ጸሎት እየተፈራረቁ አንዱ የሌላው ዕረፍት ይሆናሉ። ከሰሜን ተራሮች ማዶ ወደ ተከዜ ቆላ በሚወርደው በዋልድባ ገዳም ይህ ሥርዐት ኑሮ ሆኗል። መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፤ ከሙዝ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ብዙ ድካም ይጠይቃል። አመክሮ ላይ ያለው ረድእ ይታዘዛል፣ ያገለግላል፤ ማታ በመቁጠሪያ ይጸልያል፣ ይሰግዳል። የመጣበትን ሐሳብም ለአባቱ ይናገራል እንጂ ብቻውን አያብሰለስልም።

ከዚህ በላይ ያለው መንገድ በዐሥር ማዕርጋት ተከፍሏል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ የንጽሐ ሥጋ የሚባሉት፣ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ናቸው፦ ዝምታ፣ ማስተዋል፣ የሚጸልዩት ቃል በልብ መጣፈጡ። ተመስጦ የሚጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬ የተመስጦ አሠልጣኞች በስምንት ሳምንት ሊሰጡት የሚሞክሩትን እነዚህ አባቶች የዕድሜ ልክ ሥራ አድርገውታል፤ ዓላማቸውም ሠራተኛን አሳርፎ ወደ ሥራው መመለስ አልነበረም።

ገበሬው ይህን ሁሉ አያነብም፤ የእርሱ ዕረፍት በቀን መቁጠሪያ የተጻፈ ነው። ከሰንበት ሌላ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር ይከበራሉ፤ በሬ አይጠመድም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ በአገር ያመጣል ስለሚባል ጎረቤት ዝም አይለውም። ከባዱ አጨዳም በደቦ፣ በዘፈንና በጠላ ይወጣል። በዓል በዛ የሚለው የዘመናዊ ሹማምንት ወቀሳ ምርቱን አስልቶ ጉልበቱን ሳያሰላ የቀረ ይመስላል።

ነገር ግን በበዓል ቀን ወፍጮና እንዝርት ቢያርፉም ለሴቷ ውኃ መቅዳቱ፣ ወጥ መሥራቱ አይቀርላትም፤ ድግስ ሲሆን እንዲያውም ይብሳል። የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በሰነበተበት ጊዜ የቡድኑ አባል ሚሼል ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ጋር በባለ ዛሯ በመልካም አያሁ ቤት ያየው ይህን የሴቶች ዓለም ነው። ዛር የያዛት ሴት የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። ከበሮው ሲመታ ጉሪ ትላለች፣ ትፎክራለች፤ በወንድ ጀግና ስም ሽቶ፣ ልብስ፣ ቡና፣ የጭዳ ዶሮ ታዛለች። ባልና ዘመድ ለእርሷ የሚነፍጉትን ለዛሩ ይሰጣሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ የጎንደር ጥናቱ ተነሥቶ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የቡድን ሕክምና ብሎታል። የሥነ ልቡና ተንታኟ አና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1936 የነፍስ መከላከያዎችን ስትዘረዝር ሰው ያልተቀበለውን ስሜት የሌላ አድርጎ ማየቱን ከመካከላቸው ቈጥራለች፤ በዛር ቤት ደግሞ ይህ የሌላ የተደረገ ስሜት የራሱ ስምና ዜማ አለው።

ያው መከላከያ ክፉ ገጽም ነበረው። ማረሻ የሚቀጠቅጡትና ገንቦ የሚሠሩት የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ቡዳ ተብለው ይፈሩ ነበር። በሽታና የልጅ ሞት ያስጨነቀው ጎረቤት ሐዘኑን በባለሙያው ላይ ይጥል ነበር፤ ማረሻውን ግን መልሶ ከእርሱ ይገዛ ነበር።

የሐኪም ቤቱ መንገድ ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን ከመታው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1954 የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ መጀመሪያ ያተኮረው በተላላፊ በሽታና በገጠር ጤና ላይ ነበር። በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዘርፉ የሠለጠኑ ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመደቡ። አሁን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በሆስፒታሉ ከሚታከሙትም ብዙዎቹ አስቀድመው ጠበል የገቡ ወይም ከመድኃኒቱ ጎን ጠበሉን የቀጠሉ ናቸው።