ያለ መርፌ የሚሰጥ የሕፃናት የጥርስ ማደንዘዣ

የልጅ ጥርስ ሲሞላ፣ ሲጸዳ ወይም ሲነቀል ድዱንና ጥርሱን በመርፌ ሳይወጉ የሚያደነዝዙ ዘዴዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። መድኃኒቱ ይቀባል፣ ይለጠፋል፣ በአፍንጫ ይነፋል ወይም በከፍተኛ ግፊት ይረጫል።

አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ማደንዘዝ የተጀመረው ያለ መርፌ ነበር። በ1884 እ.ኤ.አ. ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ የኮኬይን ፈሳሽ ዓይን ላይ ጠብ አድርጎ ዓይኑ መደንዘዙን አሳየ። በዚያው ዓመት ዊልያም ሃልስቴድ ኒው ዮርክ ውስጥ የታችኛውን መንጋጋ ነርቭ በመርፌ አደነዘዘ፤ የጥርስ ሕክምናም የእርሱን መንገድ ያዘ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ሊዶኬይን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠራው ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግረን ነው።

ልጁን የሚያሳምመው የመርፌው ጫፍ ብቻ አይደለም። ፈሳሹ በፍጥነት ሲገባ ሥጋውን ይወጥራል፤ አሲድነቱም ያቃጥላል። ከአጥንት ጋር የተጣበቀው ላንቃ ደግሞ ለፈሳሹ ቦታ ስለማይሰጥ ሕመሙ የሚበረታው እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፍርሃቱ አለ። ባጠፋ ቁጥር «መርፌ አስወጋሃለሁ» እየተባለ ያደገ ልጅ ወንበሩ ላይ የሚወጣው ፈርቶ ነው።

ቀላሉ ዘዴ ቅባት ነው። ድዱ በጥጥ ከደረቀ በኋላ ቤንዞኬይን ወይም ሊዶኬይን ይቀባና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። የሚያደነዝዘው ግን ከላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህሉን ብቻ ነው። በጣም የተነቃነቀ የወተት ጥርስ ለመንቀል ይበቃል፤ ጥልቅ ቀዳዳ ለመሙላት አይበቃም። ቤንዞኬይን አልፎ አልፎ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ስለሚያደርግ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ለጥርስ ማብቀያ ሕመም እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል።

በግፊት የሚረጨው መሣሪያ ጄት ኢንጀክተር ይባላል። ፈሳሹን እጅግ በጠበበ ቀዳዳ አሹልኮ ድዱ ውስጥ ይከተዋል። ሲተኮስ ድንገት «ጧ» ይላል፣ መድኃኒቱ ይመርራል፣ ድዱም ሊደማ ይችላል። «ምንም አይሰማህም» ተብሎ ይህ የደረሰበት ልጅ ሁለተኛ ሐኪሙን አያምንም። ስለዚህ አስቀድሞ ድምፁን ማሰማትና ግፊቱን እጁ ላይ ማሳየት ከመሣሪያው ጥራት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ቴትራኬይንና ኦክሲሜታዞሊን የያዘው ኮቫናዝ የተባለ የአፍንጫ መርጫ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። የሚያደነዝዘው የላይኛውን መንጋጋ የፊት ጥርሶችና በአጠገባቸው ያሉትን ነው፤ ፈቃዱም 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ልጅ ብቻ ነበር። ያን ያህል የሚመዝን ልጅ ደግሞ አብዛኛውን የወተት ጥርሱን ጥሏል። መርፌን አብዝተው የሚፈሩት ትንንሾቹ ከፈቃዱ ውጭ ቀሩ።

ያልተፈታው ችግር የታችኛው መንጋጋ ነው። አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከላይ የተቀባም ሆነ የተረጨ መድኃኒት ወደ ኋላ ጥርሶች ነርቭ በበቂ ሁኔታ አይደርስም። የታች መንጋጋ ጥርስ ለመንቀል ዛሬም አስተማማኙ መርፌ ነው፤ ቅባቱ ቀድሞ ይቀባና ፈሳሹ በዝግታ ይገባል።

የተሻለው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ የማያስፈልገው ሕክምና ነው። የብር ዳያሚን ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ተቀብቶ መበስበሱን ያቆማል፤ የበሰበሰውን ቦታ ግን ያጠቁራል። በስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም በኖርና ሆል ስም የሚጠራው ዘዴ ደግሞ የበሰበሰውን ሳይቦረቡር የወተት መንጋጋ ጥርሱን በብረት ቆብ ይሸፍናል። ሁለቱም የሚሠሩት ጥርሱ መግል ሳይቋጥርና ሌሊት እንቅልፍ ሳይነሳ በፊት ነው፤ ልጅዎን ሳያመው ያሳዩት።