ከሩንስኬፕ ዘመናት የሚበልጠው የትኛው ነው?

ያለፈውን ዘመን ማመስገን የሰው ልጅ ልማድ ነው። ይህም ልማድ በመንግሥታት ታሪክ ብቻ ሳይሆን በጨዋታ ታሪክም ይገኛል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሩንስኬፕ የተባለው የእንግሊዝ አገር የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ከልዩ ልዩ አገር የሆኑ ሰዎች በአንድ ምናባዊ ዓለም ተገናኝተው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ይነግዳሉ፤ ይዋጋሉም። ተጫዋቾቹም «የትኛው ዘመን ይበልጣል?» እያሉ ብዙ ተከራክረዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን በጃኑዋሪ 2001 የከፈቱት አንድሩ ጋወርና ወንድሙ ፖል ናቸው፤ በ2004 አዲስ መልክ ተሰጠው። ከዚያ እስከ 2007 መጨረሻ ያለውን ጊዜ ብዙዎች የወርቅ ዘመን ይሉታል። በዚያን ጊዜ ሻጭና ገዢ ቫሮክና ፋላዶር በተባሉት ከተሞች ቆመው በቃል ይከራከሩ ነበር፤ ዊልደርነስ በተባለው ምድረ በዳም አንዱ ሌላውን ገድሎ ንብረቱን ይወስድ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ያለ ነቀፋ አልነበረም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፤ አታላይ በጀማሪው ላይ ይበለጽግ ነበር፤ የጨዋታውን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡም በዝተው ነበር።

ጃጌክስ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2007 ግራንድ ኤክስቼንጅ የሚባል የጋራ ገበያ ከፈተ። ቀጥሎም ወርቅ ሻጮቹን ለማገድ ሲል በዲሴምበር በምድረ በዳው መገዳደልን፤ በጃኑዋሪ 2008 ደግሞ ነጻ ልውውጥን ከለከለ። ሥርዓት መጣ፤ ነጻነት ግን ሄደ። ሁለቱም በተጫዋቾች ድምፅ በፌብሩዋሪ 2011 ተመለሱ። ሆኖም በኖቬምበር 2012 የውጊያው ሥርዓት ከሥሩ ስለ ተለወጠ ብዙዎች አዝነው ጨዋታውን ተዉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በኦገስት 2007 የተቀመጠ የጨዋታው ቅጂ ተገኘ። ኩባንያው ድምፅ ቢጠይቅ ከ440,000 በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ አሮጌውም ጨዋታ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2013 ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ተብሎ እንደ ገና ተከፈተ። በመጀመሪያው ደንብ አዲስ ነገር ለመጨመር ከመቶ 75 የተጫዋቾች ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የሚያስደንቀው ግን በ2015 የሆነው ነው፤ አሮጌውን ዘመን የናፈቁት ሰዎች ራሳቸው በዚያ ዘመን ያልነበረውን የጋራ ገበያ በድምፃቸው አስገቡት።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ከ2013 ወዲህ ያለው ዘመን ነው፤ አሮጌ ስለ ሆነ ሳይሆን፤ የሚቀረውንና የሚለወጠውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስለሚመርጡበት ነው። ውድ ተማሪዎች ሆይ! በዚህ በዓል የቀድሞ ተማሪዎች «በእኛ ጊዜ» ሲሉ በአክብሮት እናዳምጣቸው። ከዚያም ከነገሩን መልካሙን ጠብቀን የጎደለውን እንሙላ፤ ለዘመን የሚታሰብለት ውለታ ይህ ነውና።