ፍቅር ሞተር አያስነሣም

መኪና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁልፉን አዙረው ሥራ የሚሄዱበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁልፉን ከማዞር በፊት ‹‹እባክሽ፣ የዛሬን ብቻ!›› ብለው የሚለማመጡት ነው። የሚገርመው ታዲያ ሰው ስም የሚያወጣለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጁ የሚያጥበው፣ ሊሸጠው ሲነሣ እንባ የሚተናነቀው ለዚህ ለሁለተኛው መሆኑ ነው።

የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በዝናብ ቀን፣ ይቆርጣል። አሮጌዋን ስፖርት መኪናውን ይሸጥና ጣሪያዋ የማያፈስ፣ በየማለዳው ሳትለመን የምትነሣ አዲስ መኪና ይገዛል። ያን ጊዜ ጓደኞቹ ‹‹ከዳሃት!›› ይሉታል። እሱም ራሱ ውስጥ ውስጡን እንደዚያው ይሰማዋል።

ግን እውነት ከዳተኛው እሱ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የእንግሊዟን ኤም ጂ እና የጃፓኗን ማዝዳ ታሪክ እናንሣ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ቮልሱን ሸጦ ቪትዝ የገዛ ሰው ያለበት ሰፈር ይህን ክርክር ያውቀዋል።

የቆዳ ፋብሪካው ልጆች

ኤም ጂ የሚለው ስም ‹‹ሞሪስ ጋራዥስ›› ከሚለው የመጣ ነው። ዊሊያም ሞሪስ የተባለው ባለሀብት ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ የነበረው የመኪና መሸጫና መጠገኛ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሴሲል ኪምበር በ1920ዎቹ አንድ ብልሃት ዘየደ። የሞሪስን ተራ የቤተሰብ መኪና ይወስድና ቀለል ያለና ያማረ አካል ያለብሰዋል። ሞተሩ ተራ ነው፣ መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ መካኒኩ ያውቀዋል፤ መልኩና አነዳዱ ግን ሌላ ነው። በ1929 ሥራው አቢንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቆዳ ፋብሪካ ወደነበረ ግቢ ተዛወረ። ኤም ጂ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቤቷ እዚያው ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ዕዳ በዕዳ ነበረች። ዶላር የሚያመጣ ነገር ሁሉ ወደ ውጭ ይላክ ተባለ። ኤም ጂ ቲ ሲ የተባለችው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ከ1945 እስከ 1949 ስትሠራ ብዛቷ 10 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 2 ሺህ ያህሉ አሜሪካ ገቡ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ወሬው ትልቅ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ አገር የሰፈሩ አሜሪካውያን ወታደሮች እነዚህን ትንንሽ መኪኖች በጠባብ የገጠር መንገድ ሲሽከረከሩ አይተው ልባቸው ተሰርቆ ነበርና። የቲ ሲ መሪ በቀኝ በኩል ብቻ ነበር፤ በግራ መሪ የሚነዱት አሜሪካኖች ግን ‹‹ይሁን›› ብለው ገዟት። ፍቅር እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ጉድለትን ‹‹ይሁን›› በማለት።

በ1955 የመጣችው ኤም ጂ ኤ ከ100 ሺህ በላይ ተሠራች። አብዛኞቹም ባሕር ተሻገሩ። በ1962 ደግሞ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ተወለደች፤ ኤም ጂ ቢ። 1.8 ሊትር ሞተር፣ 95 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ፍጥነት። ለጊዜዋ ዘመናዊ ነበረች። ዋጋዋም የሀብታም ብቻ አልነበረም፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ገና ሥራ የያዘው ወጣትም ተበድሮ ይገዛታል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ ተሠራች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ ኤም ጂ ቢ የዕሁድ መኪና ናት። ያኔ ግን ለብዙዎች የሰኞም የማክሰኞም መኪና ነበረች። ሥራ የሚሄዱባት፣ አስቤዛ የሚያመጡባት እሷ ነበረች።

የቅዳሜ ሥራ

እሷን ይዞ መኖር ግን ሥራ ነበር። ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተቀብረዋል። አንዱ ሲደክም ባለቤቱ ዕቃውን አውጥቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ አጎንብሶ ይጎረጉራል። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲተነፍሱ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋሉ። የፊት እግሯ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ይጠይቃል። ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ዝገት ይወዳል። የእንግሊዝ መኪኖችን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው የሉካስ ኩባንያማ ‹‹የጨለማው ልዑል›› የሚል የፌዝ ስም ወጥቶለት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማሞቂያ እንኳ በተጨማሪ ክፍያ ነበር የሚገጠመው። በእንግሊዝ አገር ብርድ!

በ1962 ይህ ነውር አልነበረም። የዚያን ጊዜ መኪና ሁሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር። ነውሩ የሚጀምረው ሌሎቹ ሲሻሻሉ እሷ ባለችበት ስትቀር ነው።

በ1968 የእንግሊዝ መኪና አምራቾች ተዋሕደው ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል ግዙፍ ድርጅት ሆኑ። በአንድ ጣሪያ ሥር ኤም ጂም ነበረች፣ ዋና ተቀናቃኟ ትራያምፍም ነበረች። ለአዲስ ስፖርት መኪና የተመደበው ገንዘብ ወደ ትራያምፍ ሄደና በ1975 ቲ አር 7 ወጣች። ኤም ጂ ቢ ተተኪ አልተሠራላትም። ለምን ይሠራላት? ሰዉ እንደሆነ እየወደዳት እየገዛት ነው!

ይባስ ብሎ አሜሪካ አዲስ የደኅንነትና የጭስ ሕግ አወጣች። ሌሎች አምራቾች ለሕጉ ሲሉ አዲስ መኪና ነደፉ። ብሪቲሽ ሌይላንድ ግን በ1974 ያችኑ የ1962 መኪና ወፍራም ጥቁር የጎማ ፓራውልት አለበሳትና ቁመቷን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አደረጋት። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ መንገዳገድ ጀመረች። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ሞተሯም ታፍኖ ታፍኖ ጉልበቱ ወደ 60ዎቹ ወረደ። በ1962 ከተወለደችው ይልቅ የ1975ቷ ዘገምተኛ ሆነች ማለት ነው። ልጅ ሲያድግ ነው የምናውቀው፤ ይኼኛው ግን ወደ ኋላ አደገ።

በዚህ መሐል ጃፓኖች መጡ። በ1969 መጨረሻ ዳትሰን 240 ዜድ የተባለችው መኪና ታየች። በአሜሪካ የኒሳን ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ደንበኞቻቸውን በቅርብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ባለ 2.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋዋ 3,526 ዶላር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማለዳ ላይ ቁልፉን ስታዞሩት ትነሣለች። ከ1976 ጀምሮ ከጀርመን የቮልስዋገን ጎልፍ ጂ ቲ አይ ተከተለች፤ የቤተሰብ መኪና ሆና የስፖርት መኪና የምታስንቅ። እንግዲህ ደመወዙን ቆጥሮ የሚኖር፣ ሰኞ ጠዋት አለቃው የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ?

መስከረም 1979

በመስከረም 1979 አቢንግደን ውስጥ ድግስ ነበር፤ ኤም ጂ ወደ ከተማዋ የገባችበት ሃምሳኛ ዓመት። ድግሱ እንዳበቃ፣ ሰኞ መስከረም 10፣ ኩባንያው ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያት ተብለው የተነሡት ኪሳራና የፓውንድ ምንዛሪ መወደድ ነበሩ፤ መኪናዋን አሜሪካ ወስዶ መሸጥ አያዋጣም ተባለ። በአስተን ማርቲን የሚመራ ቡድን ኤም ጂን ለመግዛት ሞከረ፣ አልተሳካለትም። በጥቅምት 1980 የመጨረሻዋ ኤም ጂ ቢ ከመስመሩ ወረደች፤ በሩም ተዘጋ።

የሚያሳዝነው፣ የአቢንግደን ሠራተኞች በዚያ የአድማ ዘመን ከአሠሪያቸው ጋር ተስማምተው በመሥራት የሚታወቁ ነበሩ። አባትና ልጅ በአንድ መስመር ላይ የቆሙበት ፋብሪካ ነበር። መኪናዋን ያላሻሻሉት እነሱ አልነበሩም፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። ስለ አሮጌ መኪና ስናወራ ስለ ብረት ብቻ የምናወራ የሚመስለን ካለን፣ ይህቺን ሰኞ እናስታውስ።

አንድ ጋዜጠኛ ሂሮሺማ ውስጥ

እነሆ ደግሞ ለሙያ ባልደረቦቼ የምትጣፍጥ ክፍል። በዚያው በ1979 ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ሂሮሺማ ላይ ከማዝዳው ኬኒቺ ያማሞቶ ጋር ተገናኘ። ያማሞቶ ‹‹ማዝዳ ወደፊት ምን ዓይነት መኪና ቢሠራ ጥሩ ነው?›› ብለው ጠየቁት። ሆል ጃፓንኛ ይችል ነበርና ነገራቸው፦ ቀላልና ርካሽ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ እንደ ድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ያለች። ሆል በ1981 ማዝዳ ተቀጠረ፤ ሐሳቡም ተከተለው።

በማዝዳ ቤት የቶኪዮና የካሊፎርኒያ ቡድኖች ተወዳደሩ። ያሸነፈው የካሊፎርኒያው ንድፍ ነው፤ ሞተር ከፊት፣ ግፊት ከኋላ፣ ልክ እንደ ጥንቱ። በ1985 ለሙከራ የምትነዳውን የመጀመሪያ መኪና የሠራው ደግሞ ዎርዚንግ ከተማ ያለ ድርጅት ነው። ዎርዚንግ የት ነው? እንግሊዝ! የአቢንግደን በር ከተዘጋ ገና አምስት ዓመቱ ነው።

የሥራው መሪ ቶሺሂኮ ሂራይ ‹‹ጂንባ ኢታይ›› የሚል መመሪያ አወጡ። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ ጌታውን በፈረሱ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የማዝዳ መሐንዲሶች ሰዎች በአሮጌዎቹ መኪኖች ውስጥ የሚወዱትን ነገር አንድ በአንድ ለቀሙ፦ የካምቢዮዋን አጭር እንቅስቃሴ፣ የመሪዋን ቅልጥፍና፣ ቅለቷን፣ የማርሚታዋን ድምፅ ሳይቀር። የሚጠሉትን ደግሞ ጣሉት፦ የዘይት ፍሳሹን፣ የሚያስለምነውን ሞተር፣ የሚያፈስሰውን ጣሪያ።

በየካቲት 1989 ቺካጎ ላይ የታየችው ኤም ኤክስ 5፣ አሜሪካኖች ሚያታ የሚሏት፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበትና 13,800 ዶላር ዋጋ ነበራት። ሞተሩ ከየት መጣ? ከማዝዳ 323፣ ከተራው የቤተሰብ መኪና ተወስዶ ነው የተሻሻለው። የሴሲል ኪምበር የ1920ዎቹ ብልሃት እንዳለ! በ2000 ኤም ኤክስ 5 በዓለም በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ተብላ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረች፤ ያኔ 531,890 ተሠርተው ነበር። በ2016 አንድ ሚሊዮን ሞላች።

እንግሊዞች ነቅተው በ1992 ኤም ጂ ቢን አድሰው አር ቪ 8 ብለው ሲያወጧት፣ ከተሠሩት 2 ሺህ ገደማ መኪኖች ከሦስት አራተኛ በላይ የሄዱት ወዴት ነው? ወደ ጃፓን! ጃፓኖቹ አሮጌዋን ይወዱ ነበር ማለት ነው። የወደዷትን ግን እንዳለች ከማምለክ ይልቅ አጠኗት።

ታዲያ ከዳተኛው ማነው?

በእኔ እምነት የሰኞ ጠዋት መኪናውን የለወጠው ሰው አይደለም። እሱ አሥር ዓመት በግራሶ የተለወሰ እጅ ይዞ ታግሷል። የከዳው የደንበኛን ፍቅር እንደ ጥገና በጀት የቆጠረው ነው። ‹‹ይወዱናል፣ የትም አይሄዱም›› ያለው ነው። ሰው የሚወደውን ነገር የሚተወው መውደድ ስላቆመ ብቻ አይደለም፤ የሚወደው ነገር መልሶ እንደማያስብለት ሲገባውም ነው።

እርግጥ የጠፋ ነገር አለ። ኤም ጂ ቢን በመፍቻና በጠመንጃ መፍቻ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚፈታ የሚገጥም ሰው መኪናውን እንደ መዳፉ ያውቃት ነበር። የዛሬዋ መኪና ስትታመም ኮምፒውተር ካልተሰካባት ሕመሟን አትናገርም። ይህ እውቀት ሲቀር ማዘን ተገቢ ነው።

ግን ሌላም እውነት አለ። በክረምት ጨው በሚረጭበት መንገድ በየቀኑ የተነዱት ኤም ጂዎች ዝገት በላቸው። እስከ ዛሬ ብዙዎቹ የቆዩት ባለቤቶቻቸው ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና ስለገዙ ነው። ከ1988 ጀምሮ ለኤም ጂ ቢ አዲስ የአካል ላሜራ በድሮው ማተሚያ መሠራት የጀመረውም ላሳረፏትና ላደሷት ሰዎች ነው። አዲሷ መኪና የአሮጌዋን ሸክም ተሸከመችላት። እሷም ከሥራ ተላቃ ለፍቅር ብቻ ቀረች።

ስሙስ? በ2005 ኤም ጂ የሚለው ስም ለቻይናው ናንጂንግ ኩባንያ ተሸጠ፣ ከዚያም ወደ ሳይክ ዞረ። ዛሬ ያ ስም በቤተሰብ መኪኖችና በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተለጥፎ ይሸጣል። ስም ይገዛል። የአቢንግደን ፋብሪካ ግን የለም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አሮጌዋን ሸጠህ ወይም አቁመህ ማለዳ የምትነሣውን ከገዛህ፣ ራስህን አትክሰስ። ይልቅ ከመሸጥህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፤ ምኗን እንደምትወድላት ቁጭ ብለህ ጻፍ። የማዝዳ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቸር ይግጠመን።