ቆጥቡ ብቻ አትበሉን፦ የአዲስ አበባ የቤት በሮች ታሪክ

«ማኪያቶውን ትታችሁ ብትቆጥቡ ኖሮ ይሄኔ ቤት በገዛችሁ ነበር።» ይህን ምክር ያልሰማ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። መካሪዎቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ አጎቶቻችንና አክስቶቻችን ናቸው። ከምክሩ በስተጀርባ ግን አንድ ታሪክ አለ፤ «እኛ ቆጥበን ጎጆ ወጣን፣ እናንተም ቆጥቡ» የሚል። እኛም እስቲ እውነት እንዲያ ነበር ወይ ብለን የከተማችንን የቤት ነገር ወደ ኋላ አገላበጥነው። ያገኘነው ሌላ ነው። በዚህች ከተማ የመጀመሪያ ቤቱን ያገኘ ትውልድ ሁሉ ከቁጠባው በፊት አንድ በር ተከፍቶለት ነበር። የበሩም ስም መሬት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በእኛው አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው በር ለቤተ መንግሥት ቅርበት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር መሬቱን የሚያድለው ንጉሡ ነው። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በግቢው ዙሪያ እየተመሩ ሰፈሩ፤ ጭፍራውና አሽከሩም በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ናቸው። ቦታው ባዶ እንዳልነበረም አንርሳ፤ ቀድሞ ያረሱትና ከብት ያረቡበት ኦሮሞዎች ነበሩ። ለአንዱ በር ሲከፈት የሌላው ማሳ እንደሚዘጋ ከተማዋ ገና በልጅነቷ አሳይታለች።

በ1900 የወጣው የምኒልክ የመሬት ሕግ ቦታን በወረቀት የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ቦታ የያዘ ሰው ጭቃ ቤት እየደረደረ ማከራየት ጀመረ። የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድም አብዛኛው ተከራይ ሆነ። ጣሊያን በገባበት ዘመን (1928–1933) ለራሱ ሹማምንት ቤት ሠራ፤ ካዛንቺስ የሚለው ስም ከዚያው የቤት ሥራ ድርጅት ስም የመጣ ነው። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቤት መሥሪያ የሚያበድሩ ተቋማት ተቋቋሙ። ብድሩ ግን የሚደርሰው ቦታና ደህና ደመወዝ ላለው ነበር። ቦታ የሌለው ሰው ቢቆጥብም ቁጠባውን የሚያሳርፍበት መሬት አልነበረውም።

ሁለተኛው በር አዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ፣ ትርፍ ቤትንም ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ተባለ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ትናንት አከራዩ ፊት አንገቱን የሚደፋው ሰው ዛሬ ለቀበሌ ጥቂት ብር ከፍሎ የሚኖር ሆነ። ብዙዎቻችን ያደግነው በእነዚያ ቤቶች ነው። ቤቶቹ ግን የማንም አልነበሩም። ተከራዩ የራሱ አይደለምና ጣሪያ አይለውጥም፤ ቀበሌው በዚያ ኪራይ ምን ያድስበታል? አዋጁ መጠለያ ሰጠ፤ ለልጆች የሚተላለፍ ንብረት ግን አልሰጠም።

የቤት ባለቤት ለመሆን ሌላ መንገድ ነበር፤ ማኅበር። በደርግ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩና የፋብሪካው ሰው ተደራጅቶ ቦታ ያለ ዋጋ ይመራ ነበር፤ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክም በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል። እስቲ አጎቶቻችሁን ጠይቁ፤ «በላቤ የሠራሁት» የሚሉት ቤት ስንቱ የማኅበር ቤት ነው? ላባቸውን አንክድም፤ በየቅዳሜው ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ሲሚንቶ ለማግኘት ተሰልፈዋል። ነገር ግን ደመወዛቸው የገዛው ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ነው። መሬቱን አልገዛም። ከ«ቆጥቡ» ምክር ውስጥ የተዘለለችው ገጽ ይህቺ ናት።

ከ1986 በኋላ ሊዝ መጣ። መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ይቀጥላል፤ አንተ የምትገዛው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው፤ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። አዋጁ በ1994፣ ኋላም በ2004 ተለወጠ። የመጨረሻው ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ እንደሆነ ደነገገ። በጨረታ ደግሞ ደመወዝተኛ ከነጋዴ ጋር አይፎካከርም። ስለዚህ አቅም ያነሰው በከተማው ዳር በአንድ ሌሊት ጨረቃ ቤት አቆመ። ከፊሉ ኋላ ካርታ አገኘ፣ ከፊሉ ፈረሰ። የራሱን ቦታ አጥሮ ሰርቪስ ቤት የሚሠራው ባለ ይዞታ ደግሞ ለተቀረነው አከራይ ሆነ።

ሦስተኛው በር ዕጣ ነው። በ1996 ገርጂ ላይ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሙከራ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ ወደ ታላቅ ፕሮግራም አደገ። በ1997 ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መመደቡ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በስማቸው ካርታ ይዘው የማያውቁ ስንት እናቶች ባለቤት ሆነዋል። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ በፎቅ ተሞሉ። ቤቱ ርካሽ የሆነው ግን መሬቱ በጨረታ ዋጋ ስላልተሰላበት ነው። ያም መሬት በከተማው ዳር ባለቤት ነበረው፤ በ2011 በኮዬ ፈጬ ቤቶች ላይ የተነሳውን ተቃውሞ የምናስታውሰው ለዚህ ነው። የገበሬው ጥያቄና የተከራዩ ጥያቄ በአንድ ማሳ ላይ ተገናኙ።

በ2005 ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚሉት ቁጥሮች ያኔ የቡና ላይ ወሬ ነበሩ። ለ20/80 ባለ ሁለት መኝታ በወር 561 ብር መቆጠብ ነው። ያኔ 561 ብር 30 ዶላር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ወር እየጠበቀ የሚገባው ያው 561 ብር 5 ዶላር እንኳ አልሞላ አለ። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ አሳንሰሩ ከዶላር ጋር ሲወጣ ቆጣቢው ባለበት ቀረ። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ ኅዳር 2015 ዳግመኛ ወጣ። ዓመታት የጠበቀ ሰው ዕድሉን ሳይሆን ዕጣውን ራሱን ተጠራጠረ። በዚያው ዘመን የ2005 ቆጣቢዎች በማኅበር ተደራጁ ሲባሉ ከግንባታው ወጪ አብዛኛውን አስቀድማችሁ አስገቡ ተባሉ። ማኅበር የሚለው ስም ተመለሰ፤ ስሙን ያከበረው ብድር ግን አብሮ አልተመለሰም።

አሁን የቀረው አራተኛው በር ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው «በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ» ይላል፤ የቀረውን 90 በመቶ ግን ገዢው በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ራሱ ሊያመጣው ነው። በሌላ አገር ወጣት የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛው በ20 እና በ30 ዓመት ብድር ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ብድር ያለ ብዙ ጣጣ የሚያገኘው በብዛት የባንኩ የራሱ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገዢው ዋሽንግተን ያለ ወንድም፣ ዱባይ ወይም ቤሩት የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች እህት ናት። ተከራዩ ደግሞ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ቢፈቅድለትም ውል ጎጆ አይሆንም። በዚያው በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 የካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱም ከ1967 የተረፈው በር ጠበበ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ቅርበት፣ አዋጅ፣ ማኅበር፣ ዕጣ፤ አንዱም በማኪያቶ አልተከፈተም። በእያንዳንዱ በር ያልገባውም ሰነፍ ስለነበረ ሳይሆን በሩ ሲከፈት ስላልተወለደ፣ ወረፋው ስላልደረሰ ወይም ማሳው ስለተወሰደበት ነው።

ይህን የምንለው ላለመቆጠብ ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ቆጥበናል፤ ዕቁብም ገብተናል፣ ደባልም ኖረናል። ነገር ግን ለማን ምን እንደምንጠይቅ ማወቅ አለብን። የምንጠይቀው በነፃ ቤት አይደለም። ለተደራጀ ደመወዝተኛ የሚመራ ቦታ፣ ቦታው ለሚነሳበት ገበሬ የሚያኖር ካሳ፣ በዕድሜ ልክ ደመወዝ የሚከፈል ረጅም ብድር፣ ማንም የማይነካካው የተራ መዝገብ ነው። ከእነዚህ አብዛኛው በዚህች ከተማ በተናጠል ተሞክሯል፤ አንድ ላይ ሆኖ ግን አያውቅም።

እና አጎቶቻችን፣ ምክራችሁን ተቀብለናል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን «ቆጥቡ» ከማለታችሁ በፊት መሬቱን በስንት እንደገዛችሁት አብራችሁ ንገሩን።